ድምፁን የቀነስንለት ፊልም

ጎረቤት ሐዘን ላይ እያለ ዘፈን መክፈት ነውር ነው። ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው አረዱት ይሆንብኛል፤ አርባው ሳይወጣ ከቤቱ ሙዚቃ የተሰማበትን ሰው እድሩ ባይቀጣው እንኳ የሰው ዓይን ይቀጣዋል። ደግ ወግ ነው። ግን ወጉ የወጣው ሞት አልፎ አልፎ በሚመጣበት ዘመን መሆን አለበት። ዘንድሮ እኛ ሰፈር የአንዱ አርባ ሳይወጣ የሌላው ድንኳን ይተከላል። ከተማችን ፍኖተ ሰላም ትባላለች፣ የሰላም መንገድ ማለት ነው። መንገዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው።

ጎረቤቴ ጋሼ ሙሉዓለም በጉብዝናቸው ዘመን በኪነት ቡድን ውስጥ ትራምፔት ይነፉ ነበር። ጥርሳቸው ካለቀ ወዲህ ትራምፔቷ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች፤ ያኔ በራዲዮ የለመዱት የላቲን ጃዝ ግን ከልባቸው አልወረደም። ቀኝ ጆሯቸው ከድቷቸዋል፣ ግራውም እየሄደ ነው። «ጨርሼ ሳልደነቁር አንዴ አጥግቤ ልስማው» ይሉኝ ነበር። መንገድ የተከፈተ ሰሞን ቡሬ ሄጄ፣ ባንዶች ላቲን ጃዝ ሲጫወቱ የተቀረጸበትን ፊልም በፍላሽ አስገልብጬ መጣሁ። ባለሱቁ መብራት ሳይሄድበት እየተጣደፈ ነበር የገለበጠልኝ።

ፍላሹን ቴሌቪዥኔ ላይ የሰካሁ ዕለት ከጎን ቤት ዋይታ ተሰማ። ድምፁን አጥፍተን አየነው።

የሚገርማችሁ፣ ያለ ድምፅም ያምራል። ካሜራው የፒያኖ ተጫዋቹን ጣቶች፣ ኮንጋ የሚሉትን ረጅም ከበሮ የሚመታውን ሰው መዳፍ፣ ትራምፔት ነፊው ከመግባቱ በፊት የሚስባትን ትንፋሽ ሳይቀር ያሳያል። ጋሼ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ይከተላሉ። «እየው እንግዲህ፣ መሪጌታ ከበሮ ሊያነሳ ሲል ግራ ቀኙን እንደሚያየው ነው። አሁን ይገባል» ይሉኛል። ይገባል። እኔ ሙዚቃውን የሰማሁት ከእሳቸው ጉልበት ነው።

አርባው ወጣ ስንል ከጅጋ አስከሬን መጣ። የእሱም አርባ ሊያልቅ ሲል ከማዶ ቤት ሌላ። ጋሼ «ግድ የለህም፣ ሙዚቃው የት ይሄዳል?» ይሉኛል። የሚሄደውስ ጆሮዎ ነው እላለሁ በሆዴ።

ባለፈው እሁድ ሰፈራችን ከሐዘን ወጣ። ጋሼ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ደህናውን ጆሮ ወደ ቴሌቪዥኑ አዙረው ተቀመጡ። ድምፁን ጨመርኩ። ጨመርኩ። እስከ መጨረሻው ወሰድኩት።

«ጆሮዬ ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ዜና ብከፍት ቤቱ ተናጋ። ፊልሙን ብመልስ ጭጭ። ለካ ሲገለበጥ የመጣው ምስሉ ብቻ ኖሯል።

«ፊልሙ ነው ጋሼ። እኔም አልሰማሁም።»

«ተመስገን» አሉ፤ ደስ ያላቸው ግን አይመስሉም። ኮንጋ መቺው ይመታል፣ የጋሼ ጣት ግን ከጉልበታቸው አልተነሳም። እስካሁን ዝም ያሰኘነው እኛ ነበርን፤ ሙዚቃው ግን እዚያ ውስጥ እንዳለ ያውቁ ነበር። አሁን እንደሌለ አወቁ። ጥቂት አይተው ተነሱ፤ ከዚያ ወዲህ አልመጡም።

ቡሬ እንዳልመለስ መንገዱ ተዘግቷል፣ ኢንተርኔት ከጠፋም ቆየ። የእሳቸው ጆሮ ደግሞ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ እሁድ አንድ ነገር ተመኘሁ፤ ከጎረቤት ለቅሶ ቢሰማና፣ ድምፁን ለሐዘንተኛው ብለን የቀነስነው ቢመስለን።