ወንጀልን በሠርቶ ማሳያ

መንግሥት አደንዛዥ ዕፅንና የተደራጀ ወንጀልን ከሥሩ ለመንቀል ቆርጦ በተነሣበት በዚህ ዘመን፣ የእኛ ከተማ ያበረከተችው አስተዋፅኦ ሳይጻፍ ቢቀር ታሪክ ይወቅሰናል። ለመንቀል መጀመሪያ መትከል እንደሚያስፈልግ ከሁሉ ቀድማ የተረዳች እሷ ናትና።

ከተማችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ናት፤ ስሟን የማልጠራው በትሕትና ነው። ችግሯ አንድ ብቻ ነበር፤ ወንጀል የለባትም። በግምገማ መድረክ ላይ ሌሎቹ ከተሞች «ይህን ያህል ኩንታል ያዝን፣ ይህን ያህል ቡድን በተንን» እያሉ ሲጨበጨብላቸው፣ የእኛ የወንጀል መከላከል ግብረ ኃይል ተራው ሲደርስ «ምንም» ብሎ ይቀመጥ ነበር። ለምንም ደግሞ አይጨበጨብም። እኔ የግብረ ኃይሉ ሕዝብ ግንኙነት ነኝ፤ ባነሩን የምጽፈውም፣ በአዳራሹ ጥግ ሆኜ የማፍረውም እኔ ነበርኩ።

እግዜር ሲረዳን አቶ አበረ ከግብርና ጽሕፈት ቤት በዝውውር መጥተው ሰብሳቢያችን ሆኑ። አቶ አበረ ዕድሜያቸውን ሁሉ የስንዴ ሠርቶ ማሳያ፣ የገብስ ሠርቶ ማሳያ፣ የማዳበሪያ አጨማመር ሠርቶ ማሳያ ሲያዘጋጁ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰው በዓይኑ ያላየውን አይቀበልም ብለው ያምናሉ። ሠርግ ላይ ሳይቀር ሙሽሮቹን «ሞዴል» እያሉ ነው የሚመርቁት።

በመጀመሪያው ስብሰባ ቆመው ጠየቁን።

«ሕዝባችን ሐሺሽ አይቶ ያውቃል?»

«አያውቅም» አልን ሁላችንም።

«ታዲያ ያላየውን ጠላት እንዴት ይከላከላል?»

ነጋዴውን ወክለው የሚሰበሰቡት ባለሱቁ አቶ አብዱልቃኒ እጃቸውን አወጡ። «ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። ሳያየው ቢቀር ምን ይጎዳል?»

«ይህ የአመለካከት ውስንነት ነው» አሉ አቶ አበረ በትዕግሥት። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ። ምሳሌ ማለት በዛሬው አሠራር ሠርቶ ማሳያ ነው።»

ሐሳቡ የውሎ አበል ስለተያዘለት በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አቶ አብዱልቃኒም አጸደቁ።

ዘሩ አልቸገረንም። ድሮ ከደጀን በኩል ሲመጣ ከአንድ የጭነት መኪና ላይ የተያዘ ሐሺሽ ከነፍሬው በጆንያ በፖሊስ ኤግዚቢት ክፍል ተቀምጦ ነበር። የቸገረን መሬቱ ነው። ከመንገድ የሚታይ፣ ውሃ የሚደርሰው፣ ለም መሬት ሲፈለግ ሲፈለግ የወይዘሮ ማንጠግቦሽ ማሳ ተገኘ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ከወንዙ ዳር ካለችው ከዚያች ማሳ በቀር ሌላ መሬት የላቸውም፤ ዓመቱን የሚገፉት በመስኖ በሚያወጡባት ድንች ነው።

«ለአንድ በጋ ብቻ ነው፣ እትዬ ማንጠግቦሽ» አሏቸው አቶ አበረ።

«ድንቼስ ልጄ? ይኸው በቅሏል እኮ።»

«ድንች ይደርሳል። አገር ግን ጊዜ አይሰጥም።»

«እስከዚያ እኔ ምን እበላለሁ?»

«እርስዎ እኮ ሞዴል ነዎት» አሏቸው። ሞዴል ምን እንደሚበላ መመሪያው አይገልጽም።

ድንቹ በዘመቻ ተነቀለ። በቦታው ሐሺሹ ተዘራ፤ በማሳው ራስጌም ሰሌዳ ቆመ። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከአስፋልቱ ላይ እንዲነበብ ፊደሉን አሳምሬ አገዘፍኩት፦ «የአደንዛዥ ዕፅ መከላከል ሠርቶ ማሳያ። ባለቤት፦ ግብረ ኃይሉ። ሞዴል አርሶ አደር፦ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ።»

ምን ይደረግ፣ ሰብሉ አማረ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የያዙትን ሥራ አበላሽተው መሥራት የማያውቁ ሴት ስለሆኑ፣ እየተራገሙም ቢሆን ኮተኮቱት፣ አረሙት። አቶ አበረ ማለዳ ማለዳ እየመጡ ቅጠሉን በጣታቸው ደባብሰው፣ ፈገግ ብለው ይሄዳሉ። ከዚያ የመስክ ቀን ተባለና ገበሬው ከየቀበሌው ተጠራ።

«ውድ አርሶ አደሮች» አሉ አቶ አበረ በድምፅ ማጉያ፣ «ጠላታችሁ ይህ ነው። ደኅና አድርጋችሁ እዩት።»

ገበሬዎቹ ደኅና አድርገው አዩት። ከመሐላቸው አቶ ገዳሙ የሚባሉ ጎልማሳ ጎንበስ ብለው ግንዱን ነካ ነካ አደረጉና «ዋግ ይመታዋል?» ብለው ጠየቁ።

«ኧረ አይመታውም» አሉ አቶ አበረ፤ የኖሩበት ሙያ ነውና ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ገባ።

«ጃርትስ ይቆፍረዋል?»

«ጃርት ዞር ብሎ አያየውም።»

ስንዴያቸውን ዋግ፣ ድንቻቸውን ጃርት የጨረሰባቸው ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

«ገበያውስ?»

«ገበያው ሕገ ወጥ ነው።»

«ሕገ ወጥነቱ ገብቶናል። የምንጠይቅዎ ዋጋውን ነው።»

«ዋጋውማ እሳት ነው» አሉ አቶ አበረ። «ክፋቱን ከዚህ ተረዱት።»

ሁሉም ተረዱት። ያን ቀን እያንዳንዱ ተሳታፊ ትንሽ ትንሽ ግንዛቤ በኪሱ ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዝናብ ጠብ ሲል ግንዛቤው በየጓሮው በቀለ።

ብዙም ሳይቆይ መስታወታቸው የጠቆረ መኪናዎች ከሰሌዳው ሥር መቆም ጀመሩ። የሚወርዱት ሰዎች ትሑቶች ናቸው፤ ሰሌዳውን አንብበው ያመሰግናሉ፣ አቶ አበረን በሁለት እጃቸው ይጨብጣሉ። ማን እንደሚያመርት፣ ማን እንደሚሰበስብ፣ ማን እንደሚያጓጉዝ፣ ማን አፉን እንደሚዘጋ በየመንደሩ ተደለደለ። እኛ ለዓመታት በስብሰባ ስንመኘው የኖርነው ቅንጅታዊ አሠራር በዚህ ዓይነት ዕውን ሆነ።

አንድ ጧት አቶ አብዱልቃኒ ፊታቸው አመድ መስሎ ቢሮ ገቡ። «መጋዘኔን በግድ ቀሙኝ። ብትናገር ሱቅህን እናነደዋለን አሉኝ።»

አቶ አበረ ከወንበራቸው ተነሡ። «የተደራጁ ናቸው?»

«በደንብ ነው እንጂ የተደራጁት።»

«ተመስገን» አሉ አቶ አበረ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የመከላከል ሥራችን በመጨረሻ የሚከላከለው ነገር አገኘ።

ወዲያው ድንገተኛ ኦፕሬሽን ታወጀ። ድንገተኛነቱን ሕዝቡ ሁሉ እንዲያውቀው ባነር ጽፌ ቀደም ብዬ በዋናው መንገድ ላይ ሰቀልኩ። በዕለቱ ግብረ ኃይሉ ሲወጣ ባለ ጥቁር መስታወቶቹ መኪናዎች ሄደዋል፣ የአቶ አብዱልቃኒ መጋዘን ተጠርጓል፣ በየጓሮው ጎመን ተተክሏል። በቦታው ጸንቶ የተገኘው ዕፅ የእኛው ሠርቶ ማሳያ ብቻ ነበር። ነቅለን፣ ጭነን፣ ፎቶ ተነሣን። በግምገማው አንደኛ ወጣን፤ ዋንጫ ተሸለምን፤ ጭብጨባው ጣራ ሊያነሣ ደረሰ።

ጭብጨባው ሲበርድ መድረኩን የሚመሩት ኃላፊ «ተጠርጣሪውስ?» ብለው ጠየቁ።

አቶ አበረ ዞር ዞር ብለው አዩ። በሰሌዳው ላይ ከግብረ ኃይሉ ሌላ የተጻፈው ስም አንድ ብቻ ነበር።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽን ከቤታቸው ሲወስዷቸው እዚያው ቆሜ ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ነቅለን ወደተውነው ባዶ ማሳ አንዴ አይተው መኪናው ላይ ወጡ። መጻፍ እንጀራዬ ነው፤ ያን ቀን ግን የራሴን የእጅ ጽሑፍ ተጸየፍኩ።

ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋቸው።

«ዘሩን ማን ሰጠዎት?»

«መንግሥት።»

«እንዲያለሙት ያዘዘዎትስ?»

«መንግሥት።»

«የነቀለውስ?»

«እሱም መንግሥት ነው ጌታዬ። ቀድሞ ድንቼን፣ ኋላም ሐሺሹን። እኔ መካከል ላይ አረምኩት ብቻ።»

ዳኛው ሰሌዳው እንዲመጣ አዘዙ። አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። በከተማዋ ውስጥ ሰብሳቢ፣ ዕቅድ፣ በጀት፣ መሬትና ዘር ይዞ ዕፅ ሲያመርት የተገኘ የተደራጀ ቡድን አንድ ብቻ መሆኑንና እሱም በከሳሽ ወንበር ላይ መቀመጡን ጠቅሰው ሴትዮዋን በነፃ አሰናበቱ። ማሳውም እንዲመለስላቸው አዘዙ።

በአቶ አበረ ላይም የማያዳግም እርምጃ ተወሰደ። የወባ መከላከል ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ከተማችን ደጋ ናት፤ ወባ የለባትም።

ሹመቱ በተሰማ ሰሞን ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ማሳቸውን ገልብጠው፣ የድንች ዘር በቅርጫት አቅርበው ሳለ አቶ አበረ ደረሱ። መለኪያ ሜትር ይዤ ከኋላቸው የምከተለው እኔ ነኝ፤ አብሬ ተዛውሬያለሁ።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ሕዝባችን የወባ ትንኝ አይቶ ያውቃል?»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዶማቸውን ተደገፉ።

«አያውቅም። ታዲያ ያላየውን ጠላት እንዴት ይከላከላል? ለአንድ ክረምት ብቻ ነው። ከመንገድ የምትታይ ትንሽ ኩሬ።»

«ትንኟስ ከየት ትመጣለች?»

«ከዓባይ በረሃ። በደብዳቤ ተጠይቋል።»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የድንች ዘራቸውን፣ ከዚያም የአቶ አበረን ፊት ተመለከቱ።

«ልጄ፣ ከወባው ቀጥሎ ወዴት ያዛውሩሃል?»

አቶ አበረ ትንሽ አፈሩ። «ገና አልጸደቀም እንጂ፣ እሳት አደጋ መከላከል እየተባለ ነው።»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዞረው ቤታቸውን አዩት። ክዳኑ ሣር ነው። ከዚያ ዶማቸውን ለአቶ አበረ አቀበሏቸው።

«በል ቆፍር» አሉ። «ሰፋ አድርገህ ቆፍር። ውሃው ከቅርብ ይሁንልኝ።»