ባዶውን የማይመለስ ባልዲ

ከባልዲ ጋር ፍቅር የያዘው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እንዲያውም አንዷን አግብቻለሁ። የቦንጋው ቤታችን ጓዳ በሰው ባልዲና ሳህን ተጣቦ መግቢያ ስናጣ፣ «ዛሬስ እናራግፈው!» አልኳት ባለቤቴን አልማዝን።

«ይሄ እኮ ልጃችን ሲወለድ የሺሺንዳዋ እትዬ ዘነበች ማር የላኩበት ነው፤ ማስታወሻዬ!» አለች፣ አንዱን ባልዲ አቅፋ።

«ታዲያ መልሺላቸዋ!»

«ባዶውን?» ብላ አፈጠጠችብኝ።

እውነቷን ነው፤ የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል እንዴ? ሁሉንም አቮካዶ ሞልተን ለየባለቤቱ ላክን። ጓዳው ወለል አለ፤ እኔም እንደ ድል አድራጊ ተንጎራደድኩበት።

በሳምንቱ የእትዬ ዘነበች ባልዲ በአውቶቡስ ተመልሶ መጣ፤ ለአቮካዶው ምስጋና ማር ተሞልቶ። የሌሎቹም ተከታትለው ገቡ። ጓዳችን ዛሬም መግቢያ የለውም። ልቆጣ አስቤ ነበር፤ ግን አፍ ሙሉ ማር ይዞ ማን ይቆጣል?