የ«ባልዲ» ሁለተኛ ግማሽ

የሞተ ሰው ወዳጅ ሲበዛለት መቼም አይታችኋል። በሕይወቱ ሳለ አንድ ሻይ ያልጋበዘው ሁሉ ድንገት ብድግ ይልና «ምን የመሰለ ሰው ነበር!» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ድሮ ይህን ሳይ ደሜ ይፈላ ነበር። «የት ነበርክ?» ልለው አፌ ድረስ ይመጣና እመልሰዋለሁ። ዕድሜዬ ሲገፋ ግን ለዘብ አልኩ። ናፍቆትም እንደ ሰፈራችን የቧንቧ ውሃ የሚመጣበትን ሰዓት የሚመርጠው ራሱ ነው። ሲመጣ ደግሞ ያለንን ዕቃ ሁሉ ይዘን መሮጥ ነው እንጂ «ትናንት የት ነበርክ?» ብሎ ነገር የለም።

ይህን ሁሉ ያስለፈለፈኝ ጓደኛዬ ምናሴ ነው። ምናሴ ሻንካ ካረፈ ዓመት ሞላው። በአርባ ምንጭ የመጀመሪያው፣ እስካሁን እንደማየው ደግሞ የመጨረሻው፣ የፓንክ ሮክ ዘፋኝ ነበር። ፓንክ ሮክ ማለት፣ ለማታውቁት ላስረዳ፣ ሦስት የጊታር ድምፅ፣ አንድ ንዴትና ብዙ ችኮላ ማለት ነው። ምናሴ ሦስቱም ነበሩት። በዚያ ላይ ፀጉሩን እንደ አናናስ ያቆመው ነበር። ሲዘፍን የሚመጣለት ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ግማሹ ዝናብ ያባረረው ነው። ዛሬ ግን ወደ ታችኛው ከተማ፣ ወደ ሲቀላ፣ ወርዳችሁ ብትጠይቁ «ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ» የማይላችሁ ሰው አታገኙም። ሁሉም እውነቱን ከሆነ አዳራሹ ስታዲየም ነበር ማለት ነው። እኔ ልክ አለመሆናቸውን አውቃለሁ። ከሁሉም ፊት ለፊት፣ ድራሙ ጀርባ ተቀምጬ ነበርና።

አዎ፣ ድራም እመታ ነበር። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ይህን ሲያነቡ ሊደነግጡ ይችላሉ። ዛሬ በላይኛው ከተማ፣ በሴቻ፣ ኮት ለብሼ፣ ማኅተም ይዤ፣ «ነገ ይምጡ» የምለው ሰውዬ ያኔ የቁምጣ ኪሴ ውስጥ ሁለት የድራም ዱላ ሰክቼ እዞር ነበር። አባቴ ከጎጃም ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ ርዕሰ መምህር ነበሩ። ስመታ ያዩኝ ቀን «ሰርግ ቤት ተቀጠርክ?» ብለው ብቻ አለፉ። ጎረቤት ግን እንደሳቸው አላለፈንም፤ ሴቻን ሙሉ እየተባረርን ዞርናት። በመጨረሻ የምናሴ ዘመድ ከከተማ ወጣ ብሎ ላንቴ ያለውን የሙዝ እርሻውን ፈቀደልንና በሙዙ መሃል መለማመድ ጀመርን። ሙዝ አያማርርም። ከዚያ ወዲህ የሰማኝ ታዳሚ ሁሉ ከሙዙ ያነሰ ትዕግሥት ነው ያሳየኝ።

ቡድናችንን «ጠራራ» አልነው። ብዙ ዘፈን ነበረን፤ ሰው አፍ ላይ የቀረው ግን አንድ ብቻ ነው፣ «ባልዲ» የሚባለው። ምናሴ አንድ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ባልዲ ይዞ ውሃ ሲፈልግ ውሎ ባዶውን ተመለሰና፣ ባልዲውን እንኳን ሳያስቀምጥ ዘፈነው። «አርባ ምንጭ ከሥሬ፣ ባልዲዬ ግን ባዶ» እያለ ይጀምራል። ግጥሙ ይኸው ነው። ጩኸቱ ግን ምን አለፋችሁ፣ ጆሮ ላለው ሁሉ በቂ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልውሰዳችሁ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሲቀላ ከሚገኝ የአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የመጀመሪያውን ትልቅ ዝግጅታችንን እያቀረብን ነው። ትልቅ ያልኩት ሃያ ሰው ስለመጣ ነው። ፓንክ ሲዘፈን አድማጭ ቁጭ አይልም። ይዘላል፤ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫል፤ ይገፋፋል፤ የወደቀውን ደግሞ ብድግ አድርጎ መልሶ ይገፋዋል። ፍቅር ነው። ችግሩ፣ ፍቅር መሆኑን ያልሰማ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

የምናሴ አባት አባባ ሻንካ በጋሞ አገር የካምባ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሲጣላ የሚጠሩ፣ ሲጠሩም እምቢ የማይሉ። በጉዳይ ወደ ዞኑ ከተማ መጥተው ኖሮ፣ «ልጅዎ እዚያ ሥራ ላይ ነው» ብለው አመላከቷቸው። በሩን ከፈት ሲያደርጉ ምን ቢያዩ ጥሩ ነው? ሃያ ጎረምሳ እየተገፋፋ፣ ልጃቸው ከመሃል ቆሞ ደም ሥሩ ተገታትሮ እየጮኸ። የመንደር ጠብ መስሏቸዋል! የጋሞ ሽማግሌ ጠብ ሲያይ የሚያደርገውን አገር ያውቀዋል። ወጡ፤ ከሆቴሉ ግቢ፣ ጥበቃው እየተነጫነጨ፣ እርጥብ ሳር ቆረጡ፤ ሲመለሱ እኛ «ባልዲ»ን ጀምረናል። ሰዉን ሰንጥቀው ገቡና ሳሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ልጃቸው እግር ሥር ተንበረከኩ።

እርጥብ ሳር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን ተሻግሮ የሚሄድ ሰው እዚህ አገር የለም። ምናሴ ለማንም የማይመለስ ልጅ ነበር። ለዳይሬክተር፣ ለፖሊስ፣ ለእኔ አባት እንኳን አይመለስም ነበር። ጣቱ ግን ጊታሩ ላይ ቆመ። ሃያው ጎረምሳም ባለበት ቆመ። «ታረቁ ልጆቼ» አሉ አባባ ሻንካ። ያልተጣላን ሰዎች ተራ በተራ እየተሳሳምን ታረቅን። ነጂብ፣ አባቱ ስኳርና ዱቄት የሚያከፋፍሉት፣ የቡድናችን ቁጥር አንድ አድናቂ፣ የተሳሳመው በሕይወቱ አይቶት ከማያውቀው ሰው ጋር ነበር። እስከ ዛሬ ወዳጆች ናቸው።

ዘፈኑ በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ምናሴ ሌላ ሌላውን ዘፍኗል፤ «ባልዲ»ን ግን የፈለገውን ያህል ቢለምኑት አይነካትም። «አባዬ በሳር የለመነኝን አልመለስበትም» ይላል። የአገሩ ሥርዓት ይህን ያህል ያስገድድ እንደሁ፣ ወይስ የራሱ ግትርነት ይሁን፣ አላውቅም። አድናቂዎቹ ግን አበዱ። ግማሽ ዘፈን ሰምቶ መተኛት ይቻላል እንዴ? ሁለተኛው ግማሽ ውስጥ ምን እንዳለ መላ ምት ተጀመረ። አንዱ ባለሥልጣኖችን በስም ይጠራል አለ፤ ሌላው የለም፣ ካምባ ለቀረች ልጅ የተገጠመ የፍቅር ግጥም ነው አለ። ነጂብ «ወላሂ፣ መጨረሻው ላይ ውሃ ይመጣል!» ባይ ነበር። ምናሴን ሲጠይቁት ፈገግ ይላል። እኔን ሲጠይቁኝ ዝም እላለሁ። ዝም ያለ ሰው ብዙ የሚያውቅ ይመስላልና ክብሬ በዚያው ጨመረ።

ለእናንተ ልንገራችሁ፤ እዚህ ድረስ ተከትላችሁኛልና ይገባችኋል። ሁለተኛው ግማሽ የመጀመሪያው ግማሽ ነው። ያንኑ ከላይ ጀምሮ መድገም ነው፣ ትንሽ ጮክ ብሎ። መጨረሻ ላይ ሁላችንም ባንዴ ጸጥ እንላለን፣ አለቀ። ያን ቀን አመሻሹ ላይ ወደ ሴቻ ስንወጣ ምናሴ ሚኒባሱ ውስጥ በሳቅ ፈረሰ። «ባያስቆመኝ ኖሮ ማን ያስታውሰው ነበር?» አለኝ። ከዚያ ሳቁን ተወና፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ «አባዬ ግን እስከ መጨረሻው ቢሰማልኝ ጥሩ ነበር» አለ። ይቺን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እሱ ከሞተ ወዲህ ግን በሄድኩበት ትከተለኛለች። ስብሰባ ላይ ጣቶቼ ጠረጴዛውን ሲመቱ እይዛቸዋለሁ። ጎኔ ሆኖ የሚጮህብኝ ሰው ናፈቀኝ፤ በግልጽ ልናገረው።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ነጂብ ቢሮዬ መጣ። አሁን እሱም ነጋዴ ነው፤ ቦርጩ ቀድሞት ነው በር የሚገባው። የምናሴ ፎቶ ያለበት ቲሸርት አሳትሟል፤ የሲቀላ ባጃጆች ላይ ስቲከር አስለጥፏል። «አንተ አበራ፣ ዝግጅት አለን» አለኝ። «በቀኑ፣ በዚያው አዳራሽ። ድራሙን አንተ። ጊታሩን ሄለን የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለች፣ የምናሴን ዘፈን በሙሉ ከስልክ ላይ ሰምታ አጥንታዋለች። ‹ባልዲ›ን ሙሉውን እንጫወታለን። ሁለተኛውን ግማሽ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።»

ምን ልበለው? «የለም» ልበለው? የሰው ልጅ ስንት ዓመት የጠበቀውን ነገር የለም ማለት ቀላል ነው? ያለኝን ማምለጫ አወጣሁ። «ዘፈኑ በአባቱ ሳር የተዘጋ ነው፤ እሳቸው ሳይፈቅዱ አይሆንም» አልኩት። ነጂብም «ታዲያ ምን ችግር አለ? ቅዳሜ ካምባ ነን» አለ። የማምለጫ ነገር አይሆንልኝም።

አባባ ሻንካን ግቢያቸው ውስጥ አገኘናቸው። አርጅተዋል። ነጂብ የመጣንበትን ተናገረ፤ ቲሸርቱን ሰጣቸው። የልጃቸውን ፎቶ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ብዙ አዩት። ከዚያ ነጂብን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንተ ከእሱ ጋር ነበርክ። እውነት ንገረኝ። ጠብ እንዳልነበረ በኋላ ነገሩኝ። እሱ ግን ዝም አለ፤ አንድ ቀን እንኳን አልወቀሰኝም። ልጄ በእኔ ተቀይሞ ነው የሞተው?»

ስንት ዓመት ይህን ተሸክመው ኖረዋል! እኛ የዘፈን ግማሽ ስንጠብቅ እሳቸው ይህን ሲጠብቁ ነበር። «አልተቀየመም አባባ» አልኩ። «እስከ መጨረሻው ቢሰሙለት ግን ይመኝ ነበር።» ቲሸርቱን በጥንቃቄ አጠፉትና «እመጣለሁ» አሉ። ተጫወቱት አላሉም፤ አትጫወቱትም አላሉም። እኔም «እሳቸው ሳይፈቅዱ» እያልኩ ሁለተኛውን ግማሽ ለማንም ሳላሳይ ቀኑን ጠበቅሁ።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ጢም አለ፤ ያን ቀን ነበርን የሚሉት ሁሉ በመጨረሻ በእርግጥ መጡ። ሄለን የምናሴን ቀይ ጊታር አንግታለች። እኔ ኮቴን ወንበር ላይ ሰቅዬ ድራሙ ጀርባ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ አሮጌ ቦታውን ሲያገኝ፣ ምን ልበላችሁ፣ ደስ አለው። ጊታሩን ቀና ብዬ ባየሁ ቁጥር ግን የማላውቃትን ልጅ ነው የማየው። ከ«ባልዲ» በቀር ሌሎቹን ዘፈኖች በሙሉ ጨረስን። አባባ ሻንካ የሉም። ነጂብ ሰዓቱን ያያል፣ በሩን ያያል፣ እኔን ያያል።

በሩ ተከፈተ። አባባ ሻንካ በቲሸርቱ ላይ ነጭ ጋቢ ደርበው፣ ቀስ እያሉ ገቡ። ሁለት እጃቸው ሙሉ እርጥብ ሳር ነው።

ከኋላ አንዱ «አይ፣ አበቃልን» ሲል ተሰማኝ። ሰዉ መንገድ ለቀቀ። ያንኑ ቦታ መጡ፤ አንድ ሰው ሊደግፋቸው ቢል እምቢ ብለው ተንበረከኩ። ሳሩን ወደ እኛ ዘረጉት።

«ያኔ ተዉ ብዬ ለመንኩ» አሉ። «ዛሬ ጨርሱ ብዬ እለምናለሁ።»

ነጂብ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም ላቤን የጠረግሁ መስዬ ዓይኔን ጠረግሁ። ወንበር ቀረበላቸውና ሳሩን እንደያዙ ተቀመጡ። ጀመርን። ነጂብ ነው የሚዘፍነው፣ ማለትም የሚጮኸው። ያኔ ጎረምሳ የነበሩት ሁሉ ቦርጫቸውን ይዘው ይዘላሉ። ሽማግሌው ያኔ ዘፈኑን ያስቆሙባት ቦታ ላይ ስንደርስ ሄለን ወደ እኔ ዘንበል አለችና «ሁለተኛው ከየት ነው የሚጀምረው?» አለችኝ።

«ከመጀመሪያው» አልኳት። «ጮክ አድርጊው።»

ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ ገባት፤ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጊታሩን መታችው። ነጂብም ጊታሩ ወደ መጀመሪያው ሲመለስ ሰምቶ ለቅጽበት ግራ ተጋባና፣ በምን እንደሆነ እንጃ፣ ያንኑ ግጥም አዲስ የሰማ ይመስል ከበፊቱ ብሶ ጮኸው። ሕዝቡም እንደዚያው። ሲያለቅሱ አይቻለሁ። በመጨረሻ እኔ ዱላዎቼን ወደ ላይ ሳነሳ ሁላችንም ባንዴ ጸጥ አልን።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ አባባ ሻንካ ጆሯቸውን ወደ እኛ እንዳቀኑ ነበሩ፤ ገና የሚቀጥል መስሏቸው። እንደማይቀጥል ሲያውቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንዲህ አጭር ነው?»

«አዎ አባባ።»

«ያኔ ስንት ቀርቶት ነበር?»

መዋሸት ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። «አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው» አልኩ።

ሳሩን አዩት። አንድ በአንድ እየለዩ ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉት። «አንድ ደቂቃ» አሉ ለራሳቸው። «እና ምን አስቸኮለኝ?» ቀና ሲሉ ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

«ድገሙት» አሉ።

ነጂብ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ ላቡን በቲሸርቱ እየጠረገ ጠጋ አለ። «ሙሉውን ነው አባባ ወይስ ሁለተኛውን ግማሽ?»

«የቀረብኝን» አሉ።

እኔና ሄለን ተያየን። ዱላዎቹን አነሳሁና ከመጀመሪያው ጀመርን።