ከነንቅሳት አይገባም

ሃያ ዓመት አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ስኖር ግራ መጋባቴን ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። ለካስ ጃፓን የሚባል አገር ቀርቶኛል።

ነገሩ የመጣው በአማቴ በእማማ ጥሩዬ ጉልበት ነው። ደረጃ መውጣት ካቃታቸው ቆይቷል። ሐኪሙ ኦፕሬሽን ቢላቸው፣ መጀመሪያ ጠበል ልሞክር፣ ቢላዋው የትም አይሄድም አሉ። ልጄ ሊዲያ ደግሞ ኮሌጅ ጨርሳ ጃፓን ውስጥ በአንዲት የተራራ ከተማ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ከተማዋ በፍልውሃ የታወቀች ናት አለችን። እማማ ይህን ሲሰሙ ጠበል አደረጉት። ከመሬት ፈልቶ በሽታ ከፈወሰ ጠበል ነው፣ ጃፓንንስ የፈጠረው ሌላ ነው ወይ አሉ። ምን ይመለስላቸዋል? በጥቅምት ተነሳን። ሻንጣቸው ውስጥ ባዶ ጀሪካን ነበር።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። እዚያ ሴት ከሴት ጋር ራቁቷን ነው የምትገባው ብላኛለች ሊዲያ። ፊታቸው ጮክ ብዬ ስቄ የማላውቅ ምራት፣ ከአማቴ ጋር ራቁቴን ልቀመጥ? ደግሞ የራሴ ጉድ አለብኝ። አሜሪካ የመጣሁ ሰሞን፣ ሆቴል አብራኝ ክፍል የምታጸዳ ጓደኛዬ ጎትታ ወስዳኝ ጀርባዬ ላይ ቢራቢሮ ተነቅሻለሁ። ባሌ ያውቃል። እናቱ አያውቁም። እንዲያውም ጀርባው የተከፈተ ቀሚስ ስለማልለብስ ጨዋ ናት እያሉ ያመሰግኑኛል።

ደረስን። ተራራው በሙሉ ቅጠሉ ቀልቷል። ግን ማን አየው? እኔ በነጠላ ጫማ ተወጥሬያለሁ። የፍልውሃው ሆቴል በር ላይ ጫማችንን አውልቀን ነጠላ ጫማ ሰጡን። መኝታ ክፍሉ ጋ ስንደርስ እሱንም አውልቁ ተባልን። ሽንት ቤት ደግሞ የራሱ ነጠላ ጫማ አለው። የሽንት ቤቱን ተጫምቼ ምግብ ቤት መግባቴ የገባኝ ሰው ሁሉ እግሬን ሲያይ ነው። እማማ ግን ቤተ ክርስቲያን ጫማ ማውለቅ ስለለመዱ ምንም አልከበዳቸው። ቁርስ ሲቀርብ፣ ጠበል በባዶ ሆድ ነው ብለው አልነኩም። አስተናጋጇ ምግቡ ያልጣማቸው መስሏት ሦስት ጊዜ ቀየረችላቸው።

ስለ ራቁቱ ነገር እንዴት ልንገራቸው እያልኩ ስጨነቅ ሊዲያ ቀደመችኝ። ታዲያ ጠበል ኮት ተለብሶ ሊገባ ነው ብለው፣ እዚያው እንግዳ መቀበያው ላይ መቀነታቸውን መፍታት ጀመሩ። ተቀባይዋ ልጅ ግን ዓይኗ አንገታቸው ላይ ቀረ።

እማማ የጎጃም ልጅ ናቸው። አንገታቸው ዙሪያውን ተነቅሷል፣ ግንባራቸው ላይ መስቀል አለ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ከነንቅሳት አይገባም የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል።

“ማሚ፣ እዚህ አገር ታቱ የጋንግስተር ነው” አለችኝ ሊዲያ።

የሰባ አምስት ዓመት ጋንግስተር፣ ከነጀሪካናቸው።

አፈርኩ። እውነቱን ልናገር፣ ድሮም አፍር ነበር። ፎቶ ስንነሳ ነጠላውን ከፍ ያድርጉት እያልኩ አንገታቸውን አስሸፍናቸዋለሁ። ለልጅቷም የድሮ ነገር ነው፣ እኛ አሁን አናደርገውም ብለሽ አስረጂልኝ አልኳት ሊዲያን። ይህን ያልኩት ከነቢራቢሮዬ ነው።

ልጅቷ ደግ ናት፣ ፕላስተር አመጣች። አንገታቸውን ስትለጥፍላቸው ቀና አሉላት። ግንባራቸው ላይ ስትደርስ ግን እጇን ያዙ።

“መስቀሌን ሸፍኜ ጠበል አልገባም። ጉልበቴ እንደታመመ ይቅር።”

ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረን ሊቀር ነው? ልጅቷ አሰብ አድርጋ፣ ለቤተሰብ ብቻ የሚሆን ገንዳ እንዳለ ተናገረች። እዚያ ንቅሳት አይከለከልም። ድንጋዩ ስለሚያንሸራትት ግን የሚደግፋቸው ሰው የግድ ነው። ሊዲያ ክላስ አለኝ ብላ ሮጠች። ቀረሁ እኔ። የእሳቸው ጉልበት ወይስ የእኔ ጉድ?

ገባሁ። ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ፣ በጎን በጎን እየሄድኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ገና አንድ እግራቸውን ውሃው ውስጥ ሲያስገቡ አዳለጣቸው። ለመያዝ ዞርኩ። አለቀ።

እማማ ክንዴን እንደያዙ ጀርባዬን አዩት። ደግመው አዩት።

“ቢራቢሮ ነው እማማ፣ ወጣት ሳለሁ የተነቀስኩት ነው” አልኩ።

“እኔስ አርጅቼ ነው የተነቀስኩት?” አሉኝ።

እሳቸው እስከ አንገታቸው ገብተው ፕላስተሩን አንድ በአንድ ላጡት። ከዚያ ሳቁ፣ እኔም ፊታቸው ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

አሜሪካ ስንመለስ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት የጽዋ ማኅበራቸው ሴቶች ሞልተን ያመጣነውን ጀሪካን ከበው፣ ውሃው ፈወሰዎት ወይ ብለው ጠየቋቸው።

“የኔ ጉልበት እንኳ ገና ነው፣ ለኦፕሬሽኑ እሄዳለሁ” አሉ እማማ። “ምራቴን ግን ፈውሷታል።”

ሴቶቹ ምን አሟት ነበር ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ጀርባዬን ሸፈንኩ።