የማይታመሙት ጋሽ ደህና

በየዘመድ አዝማዱ መካከል አንድ የማይታመም ሰው አይጠፋም። ቤተሰቡ በሙሉ በጉንፋን ሲወድቅ እሱ ጉንፋኑን ቆሞ ያሳልፋል። ግንባሩ እንደ ምድጃ እየነደደ እንኳ "እንዴት ነህ?" ቢሉት "ደህና" ይላል። እንዲህ ያለው ሰው ሲታመም የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሚስቱና ሐኪሙ። ሐኪሙም ቢሆን ሚስቱ ከነገረችው ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ጋሽ ደህና የዚህ ወገን አለቃ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ጥርሳቸው አብጦ ጉንጫቸው ኳስ ሲያክል፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው በመስታወት አይቷቸው ምን ነካዎት ቢላቸው፣ "ደህና ነኝ፤ ትንሽ ወፈርኩ መሰለኝ" አሉት። በአንድ ጉንጭ ብቻ የሚወፍር ሰው አይቶ ባያውቅም፣ ምላጭ ከያዘ ሰው ጋር መከራከር አልፈለገም።

ሚስታቸው ልብስ ሰፊ ናት። ከእሳቸው ጋር ስትኖር የሰውን ሕመም ከአፉ ሳይሆን ከአካሄዱ ማንበብ ተምራለች። ጫማቸውን ቁጭ ብለው ካሰሩ ወገባቸው ነው። ምግቡን አሞግሰው ግማሹን ከተዉት ጨጓራቸው ነው። ያለ ምክንያት ካፏጩ ግን ነገሩ ከባድ ነውና ትደነግጣለች።

ታዲያ አንድ ቀን ባልና ሚስት ዘመድ ጠይቀው በታክሲ ሲመለሱ፣ መብራት ላይ እንደቆሙ አንድ የጭነት መኪና ከኋላ መጥቶ ገጫቸው። የታክሲው የኋላ መስታወት እንዳለ ረገፈ። ሚስትየው ከድንጋጤ በቀር ምንም አልሆነችም። ጋሽ ደህና ወርደው የታክሲውን ሹፌር አጽናኑ፤ ቀጥለው ገጪውን አጽናኑ። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ የተጎዳ ሰው አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ማንም ሳይወክላቸው ሁሉንም ወክለው ደህና ነን አሉ። ከዚያ እቤት እስኪደርሱ ድረስ አፏጩ።

ቀናት ሲያልፉ ሚስትየው ማንበቧን ቀጠለች። ሸሚዝ ሲለብሱ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው ያስገባሉ። ሲተኙ ቀኝ ክንዳቸውን አናታቸው ላይ ይሰቅሉታል። ምነው ስትላቸው እንዲህ መተኛት ለእንቅልፍ ጥሩ መሆኑን አስረዷት። ፀጉር በሚያስተካክሉበት ሱቃቸውም አንድ የባንክ ሠራተኛ ግራና ቀኙ ሳይመጣጠን ተስተካክሎ ወጣ፤ አዲሱ ፋሽን ነው ተብሎ ተሸኘ።

ፋሽኑ የከሸፈው የጎረቤታቸውን ጢም ሲላጩ ነው። ምላጩ ከጣታቸው ሾልኮ ሰውየው ጭን ላይ ወደቀ። ደግነቱ ጨርቁን እንጂ ሥጋውን አልነካም። ጋሽ ደህና በዚያው ሱቃቸውን ዘግተው እቤት ገቡና ዛሬ ገበያው ቀዝቅዟል አሉ። ጎረቤትየው ግን እንደ ምላጩ ስለታም ባይሆንም ፈጣን ምላስ ነበረውና ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል።

"ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን" አለች ሚስታቸው።

"ለደህና ሰው ሐኪም ምን ይሠራለታል?"

"ምላጩን የጣለው ማነው ታዲያ?"

ጋሽ ደህና ማፏጨት ጀመሩ።

የመጀመሪያው ሐኪም ትከሻቸውን ራጅ አስነሳ። አጥንቱ አልተሰበረም፣ አልወለቀም። ቅባት አዘዘላቸው። ጋሽ ደህና ከዚያ ቀን በላይ የተደሰቱበት ቀን የለም። ደህና መሆናቸው በፎቶ ተረጋገጠ። ራጁን ሱቃቸው መስኮት ላይ ለጥፈው ለገባ ለወጣው ሁሉ ያሳዩ ጀመር። ሕመሙ ግን ራጅ ማንበብ አይችልምና ከትከሻ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ጣት መውረዱን ቀጠለ። አንድ ጠዋት ሚስትየው የሻይ ብርጭቆ አቀበለቻቸውና እሷን ያቃጠላት ብርጭቆ አውራ ጣታቸውን ሲነካ ምንም እንዳልተሰማቸው አየች። ያኔ ፈራች። ፀጉር አስተካካይ ያለ ጣት ምን ይሆናል?

ሁለተኛው ሐኪም የማይቸኩል ወጣት ነበር። ያምዎታል ወይ ሲል፣ ደህና። ይደነዝዝዎታል ወይ ሲል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥቂት ታገሰና ፊቱን ወደ ሚስትየው አዞረ። እሷም የመኪናውን ግጭት፣ የሸሚዙን፣ የምላጩን፣ የብርጭቆውን አንድ በአንድ ነገረችው። ክንዳቸውን አናታቸው ላይ ሰቅለው እንደሚተኙ ስትነግረው መጻፉን አቆመ። ትከሻውን ተወና ወደ አንገታቸው ሄደ። ቀና አስባላቸው፤ ጭንቅላታቸውን ወደ ቀኝ አዘነበለ፤ አናታቸውን በእጁ ቀስ አድርጎ ጫን አለው።

የጋሽ ደህና ፊት ተለዋወጠ። ከአንገታቸው እስከ አውራ ጣታቸው ኤሌክትሪክ የነካቸው ያህል ነዘራቸው። ሚስትየው የለመደችውን ቃል ጠበቀች።

"አመመኝ" አሉ፣ ሰው እንዳይሰማቸው የፈሩ ይመስል በዝግታ።

ይህን ቃል ካፋቸው ሰምታ አታውቅምና ዕንባዋ መጣ።

ሐኪሙ ትከሻው ምንም እንደሌለበት አስረዳቸው። አንገት ላይ፣ ወደ ክንድ የሚወርደው ነርቭ ተጭኗል፤ ክንዳቸውን አናታቸው ላይ ሲሰቅሉ የሚቀልላቸውም ነርቩ ስለሚላላ ነው። የሚጮኸው ክንዱ ነው እንጂ የተነካው ሌላ ቦታ ነው። በምርመራ መሣሪያ የአንገቱን ውስጥ ማየት እንደሚያስፈልግ ነግሯቸው ሲያበቃ፣ የዞረ አንገት ሲገጭ ይበልጥ ይጎዳልና፣ መኪናው ሲገጫቸው ፊታቸው ወዴት እንደነበረ ጠየቃቸው።

"ወደ ፊት" አሉ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

ሚስትየው ቀና ብላ አየቻቸው።

"ወደ ፊት አልነበረም" አለች። "መንገድ ዳር ያለው ሱቅ ውስጥ የተሰቀለው ኮት ኮሌታው እንዴት እንደተሰፋ እየው ብዬ ጠርቼህ ወደ እኔ ዞረህ ነበር።"

ጋሽ ደህና የሸሚዛቸውን ቁልፍ ሲነካኩ ቆዩና፣ "ኮሌታው ጥሩ ነበር" አሉ።

ኮሪደሩ ላይ እንደወጡ ሚስትየው እጃቸውን ያዘች። ያመመውን ሳይሆን ደህናውን።

"ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልከው ለዚህ ነው?"

"አንቺ ጠራሽኝ፣ እኔ ዞርኩ። ምኑ ይወራል? ሌላ ጊዜ ልትጠሪኝ ብትፈሪስ ብዬ ነው።"

ምርመራው ወጣቱ ሐኪም እንዳለው ሆነ። መድኃኒት ወሰዱ፤ የአንገት እንቅስቃሴ ከሚያሠራ ባለሙያ ዘንድ ሱቃቸውን ዘግተው ለወራት ተመላለሱ። ጣታቸው ጫፉ ላይ ትንሽ ከመደንዘዙ በቀር ጉልበቱ ተመለሰለት። ሱቁ ተከፈተ፤ የባንክ ሠራተኛውም ፋሽኑን በነፃ አስቀየረ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው ከእንግዲህ የሚያምዎትን ነገር ሁሉ ለባለቤትዎ ይንገሩ ብሎ አዟቸው ነበር። ጋሽ ደህና ትእዛዝ አክባሪ ናቸው። ጠዋት ጉልበታቸውን፣ ከምሳ በኋላ ጎናቸውን፣ ማታ ሲደክማቸው ቅንድባቸውን ያማቸዋል። ሚስትየው ለጎረቤቶቿ ይሄ ሰው ጆሮዬን በላው፣ ዝም ያለ ጊዜ ይሻለኝ ነበር እያለች ታማርራለች።

ይሁንና ከወዲያኛው ክፍል "አንቺ፣ ክርኔን" ሲሏት፣ ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይቋረጣል። ክሩን ከትከሻዋ ሳታራግፍ ትሄድና አጠገባቸው ትቀመጣለች። ክርናቸው ምንም እንደሌለበት ታውቃለች። እሳቸውም ማወቋን ያውቃሉ።

"የቱ ጋ?" ትላለች፣ እጇን እያሳረፈች።

"ትንሽ ከፍ አድርጊው" ይላሉ ጋሽ ደህና።