ዶይል ጠመንጃውን የጨረሰ ዕለት

(ቅዳሜ ረፋድ ነው፤ ኦክላሆማ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የዶይል ጋራዥ። ይሄ ጋራዥ መኪና ገብቶበት አያውቅም፤ የገባበት ዶይል ራሱ ነው። አሮጌ ፍሪጅ አለው፣ ስፖንጁ የወጣ ወንበር አለው፣ ሬዲዮ አለው። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ዶይል ዕቃ በዕቃ እየገዛ ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ ሲገጣጥመው የኖረው ጠመንጃ ተጋድሟል። ዶይል የማያውቀው ነገር የለም፤ ካለም ገና ስላልተጠየቀ ነው። አብሮት ያለው ኦርቪል የሚስቱ የናዲን ታላቅ ወንድም ነው። ኦርቪልን አንድ ነገር ብትጠይቁት መልሱን ይዞ የሚመጣው እናንተ ጥያቄውን ከረሳችሁ በኋላ ነው። ሁለቱ ከጓሮው አፈር ክምር ላይ ሞክረውት አሁን መመለሳቸው ነው፤ ጭቅጭቁ መንገድ ላይ ተጀምሯል።)

ዶይል፦ ተኮሰ ወይስ አልተኮሰም?

ኦርቪል፦ ተኮሰ።

ዶይል፦ ስንት ጊዜ?

ኦርቪል፦ አንዴ።

ዶይል፦ አንዴ መተኮስ፣ መተኮስ ነው እንዴ?

ኦርቪል፦ ጣሳውን ጠይቀው። ተበስቷል።

ዶይል፦ አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ ራሱ የሚያቀባብል ጠመንጃ ነው! ቃታውን በሳብክ ቁጥር ይተኩሳል፣ ቀለሁን ይተፋል፣ ሌላውን ጥይት ይጎርሳል። የኔው ግን አንዴ ይተኩስና ቀለሁን እንደያዘ ቁጭ! በእጄ ጎትቼ ካላስተፋሁት ወይ ፍንክች!

ኦርቪል፦ ምናልባት አንዱ በቅቶት ይሆናል።

ዶይል፦ ልቤን አታውልቀው ኦርቪል፤ ዛሬ ቀልድ የለም። ዛሬ ጠዋት እህትህ ምን ይዛ እዚህ እንደገባች ታውቃለህ?

ኦርቪል፦ ቁርስ?

ዶይል፦ ሜትር! የልብስ ስፌት ሜትሯን! ከዚህ ግድግዳ እስከዚያኛው ለካች። ከዚያ ፈገግ አለችና «ዶይል፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?» አለችኝ።

ኦርቪል፦ (ሳንድዊቹን ከአፉ መለሰው) ፈገግ አለች?

ዶይል፦ ፈገግ አለች።

ኦርቪል፦ ኧረ አምላኬ! እህቴ ስትቆጣ ምንም አይደል። ፈገግ ካለች ግን…

ዶይል፦ ያን የብርድ ልብስ መስፊያ ማሽን ልታስገባብኝ ነዋ! ርዝመቱ አሥራ ሁለት ጫማ ነው እኮ! ማክሰኞ ማክሰኞ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ቁራጭ ጨርቅ ሲቀጣጥሉበት ሊውሉ። እኔስ? እኔ የት ልሂድ? ሳሎን? ከእናትህ ጋር?

ኦርቪል፦ እናቴ ምን አደረገችህ?

ዶይል፦ ምንም አላደረገችኝም፤ ታወራለች። ቁርስ ላይ ጀምራ እስክትተኛ ታወራለች። እውነቱን ልንገርህ? እኔን ያኖረኝ ይሄ ጋራዥ ነው። ሥራ ውዬ ስመጣ፣ ይሄን በር ዘግቼ ያቺን ሬዲዮ ስከፍት ነው ሰው የምሆነው። ይሄን ካጣሁ አለቀልኝ።

ኦርቪል፦ (ራሱን እየነቀነቀ) እሱስ እውነትህን ነው።

ዶይል፦ ስለዚህ ዛሬ የግድ አሠራዋለሁ። ናዲን እንዲህ የምትሆነው ሁለት ዓመት ሙሉ ስታየኝ ከእጄ አንድም ነገር ስላልወጣ ነው። አምስት ጊዜ በተከታታይ ዷ! ዷ! ዷ! ሲልላት «ለካ ባሌ ሥራ ላይ ነበር» ትላለች፤ ጋራዡም ይከበራል። ሒሳብ ነው።

ኦርቪል፦ እንዲህ አለችህ?

ዶይል፦ ማለት አያስፈልጋትም። ሒሳብ ነው እያልኩህ!

ኦርቪል፦ እኔ ሒሳብ ላይ ደካማ ነበርኩ።

ዶይል፦ ያስታውቃል። (ጠመንጃውን ሞርሳው ላይ አሰረው) አሁን አብረን እናስብ፤ ማለት እኔ ላስብ፣ አንተ አድምጥ። አንድ የማይስማማ ዕቃ አለ። የትኛው ነው?

ኦርቪል፦ ዕቃዎቹ ከአንድ ቤት ነው የመጡት?

ዶይል፦ ከአንድ ቤት የሚገዛ ሞኝ ነው! እኔ ቅናሽ ጠብቄ ምርጥ ምርጡን ነው የለቀምኩት። አፈሙዙን የምስጋና ቀን ቅናሽ ላይ፣ አፈሙዙን የሚያለብሰውን የእጅ መያዣ የነጻነት ቀን፣ ቱቦውን የሠራተኞች ቀን፣ ሞላውን የገና ሰሞን።

ኦርቪል፦ ታዲያ በዓላቱ እርስ በርስ ካልተስማሙ ጠመንጃው ምን ያድርግ?

ዶይል፦ ሁሉም ላይ «ከሁሉም ጋር ይገጥማል» የሚል ተጽፎበታል።

ኦርቪል፦ ኮፍያዬም ላይ «ለሁሉም ራስ» ይላል። (ኮፍያው አናቱ ላይ እንደ ቡሽ ጉብ ብሏል።)

ዶይል፦ ሞላውን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። ከሞላው ፊት ያለውን ክብደት ቀየርኩ፤ ከባዱን በቀላል፣ ቀላሉን በከባድ። ጥይት ቀየርኩ፣ የጥይቱን ካርታ ቀየርኩ፣ ዘይት ቀየርኩ። ያልቀየርኩት ምን አለ?

ኦርቪል፦ ሰውየውን።

ዶይል፦ ኢንተርኔት ላይም ጠየቅኩ። ሃያ ሦስት ሰው መለሰልኝ።

ኦርቪል፦ ምን አሉ?

ዶይል፦ ሃያ ሦስት ነገር። ሁለቱ መጨረሻ ላይ እናት ለእናት ተሰዳደቡ። (አገጩን እያሻሸ) ቆይ ቆይ። አንድ ያላየሁት አለ። ከእጅ መያዣው ሥር ያለውን። እስቲ መፍቻውን አቀብለኝ።

ኦርቪል፦ (በሕይወቱ ፈጥኖ በማያውቀው ፍጥነት) እሱ ደህና ነው።

ዶይል፦ ምኑ?

ኦርቪል፦ ከሥሩ ያለው። ሞላው ነው ችግሩ። አራተኛ ሞላ እዘዝ። ሲመጣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ እስከዚያ እናርፋለን።

ዶይል፦ ባለፈው ሳምንት እኔ «ሞላው ነው» ስልህ «አይመስለኝም» አላልክም?

ኦርቪል፦ ሳምንት ብዙ ነው። ሰው ይለወጣል።

ዶይል፦ መፍቻውን!

ኦርቪል፦ የለም።

ዶይል፦ አሁን እዚህ ነበር እኮ!

(ዶይል መሳቢያውን ዘረገፈ፣ ጠረጴዛው ሥር ተንበረከከ፣ ፍሪጁን ሳይቀር ከፍቶ አየ። ኦርቪል ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ የበረዶ ሻዩን በስትሮ ይስባል፤ እንደ ዛሬ ተቀምጦ አያውቅም።)

ኦርቪል፦ ዓሣ ለማጥመድ ብንሄድስ?

ዶይል፦ እኔ ጋራዤን ላጣ ነው፣ አንተ ዓሣ ትለኛለህ?

ኦርቪል፦ ዛሬ ዓሣ ካጠመድን ጋራዡ የትም አይሄድም።

ዶይል፦ ዓሣና ጋራዥ ምን አገናኛቸው?

ኦርቪል፦ እኔ እንጃ። እንዲሁ መሰለኝ።

ዶይል፦ አንተንና ናዲንን ከአንድ እናት ያወጣ አምላክ ሥራው አይመረመርም! ተነስ እስቲ፣ ከሥርህ ልይ።

ኦርቪል፦ ጉልበቴን አሞኛል።

ዶይል፦ ተነስ አልኩህ! (ክንዱን ይዞ ጎተተው። መፍቻው ወንበሩ ላይ ተጋድሞ ተገኘ።) ጉድ እኮ ነው! ይሄን የሚያህል ብረት ላይ ተቀምጠህ አልቆረቆረህም?

ኦርቪል፦ ቆርቁሮኛል። ወንበሩ መስሎኝ።

ዶይል፦ አይ አማቼ! አንተን የሰጠኝ ትዕግሥቴን ለመፈተን ነው።

(ካርታውን አውጥቶ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለቴ አየ፤ በዚህ ነገር እንኳ አይቀልድም። ከዚያ መያዣውን ፈትቶ አወጣው። ኦርቪል ዓይኑን ጨፈነ።)

ዶይል፦ ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው?

ኦርቪል፦ (ዓይኑን ሳይገልጥ) ቀለም።

ዶይል፦ የምን ቀለም! ጥቀርሻ ነው እንጂ! ጭሱ እዚህ ጋ እያመለጠ ነው! ስትሮህን ሻይህ ውስጥ እንደከተትክ እስቲ ንፋ።

(ኦርቪል ነፋ። ሻዩ ቡልቅ ቡልቅ አለ።)

ዶይል፦ አሁንስ? (ስትሮውን በሁለት ጣቱ ጨመቀው። የኦርቪል ጉንጭ ተወጠረ፤ ሻዩ ዝም አለ።) ይሄውልህ የኔ ጠመንጃ!

ኦርቪል፦ ሻይ ገብቶበት ነው?

ዶይል፦ ኧረ በፈጠረህ! ታፍኗል ነው የምልህ! ጥይቱ ሲተኮስ ጭሱ አፈሙዙ ጀርባ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ይወጣል፣ በዚህ ቀለበት ያልፋል፣ በቀጭኗ ቱቦ ወደ ኋላ ሄዶ ቀለሁን ያስተፋል። የኔ ቀለበት ግን ከቀዳዳው ላይ ሸሽቷል፤ የጥፍር ውፍረት ታህል። ቀዳዳና ቀዳዳ አልተገናኙም!

ኦርቪል፦ ጥፍር ምን አላት? ትንሽ ናት። ተዋት።

ዶይል፦ ለምን ሸሸ ግን? ለምን… (ድንገት ጭኑን መታ) አገኘሁት! ይሄ አፈሙዝ የተሠራው ለድሮው ዓይነት መያዣ ነው! የድሮው መያዣ እዚህች ጋ፣ ከቀለበቱ ኋላ፣ አንዲት ስስ ቆርቆሮ አለችው። እኔ አዲሱን መያዣ ስገዛ ቆርቆሮዋ አታስፈልግም ብዬ ተውኳት፤ ቀለበቱንም እስከ ጥጉ ገፋሁት። የቆርቆሮዋን ቦታ መተው ነበረብኝ! የምስጋና ቀንና የነጻነት ቀን አልተስማሙም ማለት ነው!

ኦርቪል፦ እኔ ብዬ ነበር መሰለኝ።

ዶይል፦ አንተ? አንተ ምን ታውቃለህ!

ኦርቪል፦ ነገ ብናበጀው?

ዶይል፦ ኦርቪል! ሁለት ዓመት! ሦስት ሞላ! ሃያ ሦስት ሰው! ይሄን ያገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ!

ኦርቪል፦ (በሐዘን) ጎበዝ ነህ።

ዶይል፦ ምነው ፊትህ?

ኦርቪል፦ ሳንድዊቹ ነው።

(ዶይል ቀለበቱን በጥፍር ውፍረት ወደ ፊት አምጥቶ አጠበቀው፣ መያዣውን መለሰ። እየዘፈነ ወደ አፈር ክምሩ ሄደ፤ ኦርቪል እግሩን እየጎተተ ተከተለው። አምስት ጥይት። ዷ! ዷ! ዷ! ዷ! ዷ! ቀለሆቹ እየተፈናጠሩ ሣሩ ላይ ወደቁ። ዶይል ጮኸ፣ ዘለለ፣ ጠመንጃውን በሥርዓት አስቀምጦ ኦርቪልን አቀፈው። ኦርቪል እንደ ለቀስተኛ ቆሟል። ናዲን ከቤት እየሮጠች መጣች።)

ናዲን፦ ሠራ? ዶይል፣ ሠራ?

ዶይል፦ አምስት ጊዜ! ሰማሽ?

ናዲን፦ ሰማሁ እንጂ! እማማም ሳሎን ሆና ቆጠረች! (አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ሳመችው) የኔ ጎበዝ! ኮራሁብህ!

ዶይል፦ (በናዲን ትከሻ ላይ ኦርቪልን እየጠቀሰ) ሒሳብ!

ናዲን፦ በቃ አለቀ ማለት ነው? የቀረው ነገር የለም?

ዶይል፦ ምንም! ጥርግ አድርጌ ጨረስኩት!

ናዲን፦ እሰይ! ሁለት ዓመት ሙሉ «ይሄ ጠመንጃ እስኪያልቅ ጋራዡን አትንኪብኝ» አልከኝ። ቃል ገባሁልህ። ቃሌን ጠበቅኩ ወይስ አልጠበቅኩም?

ዶይል፦ ጠ… ጠብቀሻል።

ናዲን፦ እንግዲህ አለቀ! ማሽኑ ሰኞ ይመጣል፣ ሴቶቹ ማክሰኞ። ያን ፍሪጅ ዛሬውኑ አውጡልኝ። ኦርቪል፣ አንተም አግዘው።

(ሜትሯን ከኪሷ እየመዘዘች ፈገግ ብላ ወደ ጋራዡ ገባች። ዶይል ቀስ ብሎ ወደ ኦርቪል ዞረ።)

ዶይል፦ ኦርቪል።

ኦርቪል፦ አቤት።

ዶይል፦ ይሄን ታውቅ ነበር?

ኦርቪል፦ እህቴ ናት እኮ። ቃል ከገባች ሰማይ ቢወድቅ አታጥፍም። ባትጨርሰው ኖሮ ሠላሳ ዓመት አትነካህም ነበር።

ዶይል፦ ቀለበቱ መሸሹንስ?

ኦርቪል፦ እሱንማ ባለፈው ጥቅምት ነው ያየሁት።

ዶይል፦ ጥቅምት!

ኦርቪል፦ በመያዣው ክፍተት ጥቀርሻው ብቅ ሲል እንዳታይብኝ እየጠረግኩልህ ነበር። በመሐረቤ። ሁለቴ።

ዶይል፦ እና ለምን አልነገርከኝም?

ኦርቪል፦ ከነገርኩህማ ታበጀዋለህ።

ዶይል፦ መፍቻውም…

ኦርቪል፦ ቂጤን አሁንም ያመኛል፣ ዶይል።

ዶይል፦ እንፍታው! አሁኑኑ ቀለበቱን ወደ ኋላ እንመልሰው!

ኦርቪል፦ እናቴ ቆጥራለች።

(ዶይል ሣሩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ከጋራዡ ውስጥ ወንበሩ ሲጎተት ይሰማል፣ ከሳሎኑ ደግሞ የአማቱ ድምፅ። ያለቅስ ነበር፤ ኦርቪል ስላለ ነው የተወው።)

ዶይል፦ ያቺ አንተ ጋራዥ ውስጥ ያለችው ጀልባ… ስንት ዓመት ሆናት?

ኦርቪል፦ መጋቢት ላይ አሥራ አራት ሞላት። ሚስቴ «ውሃ ላይ ያየኋት ቀን ጋራዡን እወስዳለሁ» ብላለች።

ዶይል፦ እኔ እኮ ስንፍና ነው እል ነበር። ምን ቀርቷት ነው?

ኦርቪል፦ አንዲት ብሎን።

ዶይል፦ ጠፍታብህ?

ኦርቪል፦ (ከደረት ኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለች ብሎን አውጥቶ አሳየው፤ ከመታሸቷ ብዛት ታብለጨልጫለች) ትጠፋለች እንዴ!

ዶይል፦ (ጠጋ ብሎ እያያት) ትርፍ የለህም?

ኦርቪል፦ አለኝ። ግን ላንተ አትሆንም። አንተ መጨረስ ትወዳለህ።