ፌርማታና ፊርማ

አውቶብስ የመንግሥት ይሁን ወይስ የነጋዴ? ፒያሳ ኬክ ቤት ገብታችሁ ይህን ከጠየቃችሁ ማኪያቶው ይቀዘቅዛል እንጂ ክርክሩ አይበርድም። አጥብቆ የሚከራከረው ደግሞ በእግሩ የመጣው ነው።

እኔ ጎረቤቴን ወይዘሮ አስካለን ብትጠይቁ እላለሁ። ባለቤታቸው ስድስት ኪሎ ሆስፒታል ተኝተዋል። ከሚስታቸው እጅ ካልሆነ ምግብ አይወርድላቸውም። የሆስፒታሉ በር ደግሞ ለጠያቂ ቀትር ላይ ተከፍቶ ወዲያው ይዘጋል።

የነጋዴው አውቶብስ ከጊዮርጊስ ይነሳል። ማለቴ፣ ከሞላ ይነሳል። ረዳቱ «እማማ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን» ይላቸዋል። ያ አንድ ሰው እስኪወለድ ለባላቸው የያዙት ሽሮ ይረጋል፣ በሩም ይዘጋል።

የመንግሥቱ በሰዓቱ ያልፋል፤ ባዶውንም ቢሆን ይሄዳል። በወይዘሮ አስካለ ደጅ ሽው ብሎ። አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ሲያዘግም ደረሱበትና ለምን እንደማይቆምላቸው ጠየቁ። ትኬት ቆራጩ በመስኮት «ያለ ፌርማታ አይቆምም» አላቸው።

እሳቸው የሰሙት «ያለ ፊርማ» ነው። ይፈረድባቸዋል? በዚህ አገር ያለ ፊርማ ምን ይንቀሳቀሳል? ታዲያ ያለ ፊርማ እንዴት ይቆማል?

ፌርማታ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ቃል መሆኑን፣ ትርጉሙም አውቶብስ የሚቆምበት እንጨት መሆኑን ነገርኳቸው። «እንጨት ከሆነማ አለኝ» አሉ።

በነጋታው የልብስ ማስጫቸውን ቋሚ ነቅለው ደጃቸው ላይ ተከሉት። ለማንኛውም ብለው አውራ ጣታቸውን ጥላሸት አስነክተው አተሙበት። ፌርማታም፣ ፊርማም።

ሾፌሩ እንጨት አየ፣ ቆመ። የሰፈሩ ሰው እንጨት አየ፣ ተሰለፈ። ባለቤታቸውም ትኩስ ሽሮ በሉ።

ሳምንት ሳይሞላ ተቆጣጣሪ መጣ። ማን ፈቀደ አለ። ወይዘሮ አስካለ የጣታቸውን አሻራ አሳዩት።

«ይህ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ። ያለቃህ ጣት ከዚህ ይወፍራል?»

ሊነቅለው ያዘ። ሰልፈኛው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል። ስለ እንጨት ግን የተባለ ነገር የለም።

በዚህ መሀል አውቶብሱ መጥቶ ቆመ። ተቆጣጣሪው ፀሐዩን አየ፣ ዳገቱን አየ፣ እንጨቱን ለቀቀ። ለካ እሱም ስድስት ኪሎ ጉዳይ ነበረው። አንድ እግሩን በሩ ላይ ሲያሳርፍ ወይዘሮ አስካለ ሳህናቸውን እንዳቀፉ ቀደሙት።

«ተሰለፍ፣ ልጄ። ፌርማታ ነው።»

እንግዲህ የመንግሥት ነው የነጋዴ፣ እናንተ ተከራከሩ። እኔ ለደጄ የሚሆን ቋሚ እየፈለግሁ ነው።